ቤት ለማጥላላት የተወሰዱት አጎቴ

ቤት መግዛት የሚፈልግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ፊቱን ማጥቆር መልመድ አለበት። ገንዘቡ ከዚያ በኋላ የሚታሰብ ነገር ነው። እኛ ቦንጋ ውስጥ የመጀመሪያውን ቤት ያጣነው በገንዘብ ሳይሆን በባለቤቴ ፊት ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ ያነባል፤ ያንብብ።

ባለቤቴ መምህር ነው። የደካ ልጅ፣ በእንሰት መሀል ያደገ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ተማሪ ተቆጥቶ በመጣ ቀን ምሳ የማይወርድለት ዓይነት ሰው ነው። ደስ ሲለው ደግሞ ጆሮው ሳይቀር ደስ ይለዋል። ያኔ ደላላው የመጀመሪያውን ቤት ሊያሳየን ወስዶን፣ በሩ ገና ገርበብ ከማለቱ፣ "ውይ! ልክ እኛ የምንፈልገው!" ብሎ አረፈው። ባለቤትየው ሰውዬ እዚያው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። ወዲያው አንዲት እህታቸው በዋጋው እንዳልተስማማች ትዝ አላቸው፤ ትናንት ሌላ ገዢ የተሻለ ሰጥቷቸው እንደነበርም ትዝ አላቸው። ትናንት ማንም እንዳልመጣ ደላላው ራሱ በኋላ ነገረን። ወንበር ላይ እንኳ ሳንቀመጥ ቤቱ ከአቅማችን በላይ ሆኖ ተመለስን።

እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴና አጎቴ በወጣትነታቸው ከመሀል አገር መጥተው እዚህ ሱቅ ከፈቱ፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ አሁን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ የጽሕፈት መሣሪያ እሸጣለሁ፣ ፎቶ ኮፒም አነሳለሁ። ዕቃ ገና ሳይነካ "እንዴት ያምራል!" የሚል ገዢ ሲገባልኝ ምን እንደማደርገው ስለማውቅ ነው ያን ቀን ቆሽቴ ያረረው። በባጃጅ ስንመለስ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ባለቤቴ ደግሞ ዝምታዬን ድካም መስሎት ውሃ ልግዛልሽ ይለኛል።

ቤት የምንፈልገው ለመንደላቀቅ አልነበረም። አከራያችን ልጃቸው ሊያገባ ስለሆነ ክፍሎቹን እንደሚፈልጓቸው ነግረውናል፤ ክረምቱ ሲያልፍ መውጣት አለብን። ሦስት ልጆች ይዞ የሚከራይ ቤት መፈለግ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። አከራዩ በር ላይ ቆሞ "ስንት ናችሁ?" ይላል፤ "አምስት" ሲሉት "አዬ፣ አሁን ገና ለሌላ ሰጠሁት" ይላል። እኛም ስንከራይ የኖርነው ድምፅ አጥፍተን ነው። አከራያችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ጩኸት ግን አይወዱም። ልጆቼ ኳስ ሲጫወቱ "ጎል" የሚሉት በሹክሹክታ ነበር። ትንሿማ ስታለቅስ አፏን በእጇ ትይዛለች። ዓለም ላይ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጆቼ እንደ ልባቸው የሚጮኹበት ግቢ።

ስለዚህ ሁለተኛውን ቤት ለማየት ስንዘጋጅ አጎቴን ለመውሰድ ወሰንኩ።

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ በዋጫና በዙሪያዋ ቡና ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሲገዙ አይከራከሩም፤ ያዝናሉ። ቡናውን በመዳፋቸው ዘርግተው ያያሉ፣ ያሸታሉ፣ አንዷን ፍሬ ይነክሷታል፣ ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ይተነፍሱና ገበሬውን ዘመድ እንደሞተበት ሰው ይመለከቱታል። "እህህህ..." ይላሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ገበሬው ራሱ ዋጋውን ይቀንስላቸዋል፤ አንዳንዱ ያጽናናቸዋል ሁሉ። ሥራውን ከተዉ ወዲህ ግን እንከን የሚያወጡለት ነገር አጥተው የአክስቴን ወጥ፣ የጎረቤቱን አጥር፣ የቴሌቪዥን ዜና አንባቢውን ከረባት ሲያጥላሉ ነው የሚውሉት። ቤት እንዲያጥላሉልን ስጠይቃቸው ዐይናቸው በራ።

ትምህርቱንም እዚያው ጀመሩ። "ስሚኝ ልጄ" አሉኝ፣ "ሰው ቡናዬን ሲያመሰግን ካየሁ ጀርባዬን ሰጥቼው ወደ ሌላው እዞራለሁ፤ እሱ አይገዛም። እንከን መፈለግ ሲጀምር ግን ሚዛኑን አቀርባለሁ።"

ልምምድ ያስፈልጋል ብለው ደግሞ በኪራይ ቤታችን ውስጥ እየዞሩ አሳዩን። ግድግዳውን በጣታቸው ቋ ቋ አደረጉ፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት፣ ተነፈሱ። ይህ ግድግዳ ዘንድሮን አይሻገርም፣ አሉ በታላቅ ሐዘን። የበሩን መቃን ነቀነቁ፤ ልጅን እዚህ ውስጥ ማሳደር ኃጢአት ነው አሉ። ለካ አከራያችን ከመጋረጃው ወዲያ ቆመው ይሰማሉ። በማግስቱ ጭቃ ለሳኝ ይዘው መጡ። እኛ ለዓመታት ለምነን ያልተለሰነው ግድግዳ በአጎቴ አንድ ትንፋሽ ተለሰነ። ክረምት መውጫ ላይ ለምንለቀው ቤት ነው እንግዲህ ይህ ሁሉ።

በቀጠሮው ቀን ደላላው በባጃጅ መጣልን። ሁለት ስልክ የያዘ፣ በሁለቱም ባንድ ጊዜ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። ባለቤቴን አስቀድሜ አስምዬዋለሁ፤ አፉን ላይከፍት፣ ፊቱ አላስችል ካለው ደግሞ ወደ ጓሮ ሄዶ ዛፍ ሊያይ። ዛፍ ምንም ቢያይ ዋጋ አይጨምርም ብዬ ነው።

ቤቱ ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ዳገቱ ላይ ነው። የጭቃ ቤት ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው፤ ከኋላው ትንሽ ሰርቪስ ቤት፣ ከሰርቪሱ ጀርባ እስከ አጥሩ ድረስ የእንሰት ጓሮ። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ከሸለቆው ማዶ ያለው ደን ፊት ለፊት ይታያል። ግቢው ሦስት ልጅ ቀርቶ አንድ ክፍል ተማሪ ቢለቀቅበት ይሸከማል። ፊቴን ለማጥቆር ብዬ አከራያችንን አሰብኩ።

ባለቤቲቱ እትዬ በር ላይ ተቀበሉን። ባላቸው ሞተው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ቀጠን ያሉ፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያሰሩ ሴት ናቸው። ቤቱን የሚሸጠው ሐዋሳ ያለ ልጃቸው እንደሆነ፣ እሳቸውን ወደዚያ ሊወስዳቸው እንደሆነ ደላላው መንገድ ላይ ነግሮናል። ባለቤቴ ገና በረንዳውን ሲያይ ጆሮው መሥራት ስለጀመረ በዐይኔ ወደ ጓሮ ላክሁት። አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሥራቸውን ጀመሩ። ግድግዳውን ቋ ቋ አደረጉ። ጆሯቸውን ለጠፉ። ተነፈሱ።

"ምስጥ ሳይገባበት አልቀረም" አሉ በዚያ የቀብር ድምፃቸው።

"አልቀረም ምን ያደርጋል፣ በልቶ ጨርሶታል" አሉ እትዬ። "ይምጡ፣ ጓዳውን ደግሞ ላሳይዎት።"

አጎቴ ትንፋሻቸው መሀል ላይ ቀረ። እትዬ ቀደም ቀደም እያሉ ወደ ጓዳ ወሰዱን። ጓዳው መሀል ወለሉ ላይ ሳፋ ተቀምጧል። ጣሪያው ያፈሳል አሉን፤ ከላይ ካላፈሰሰ ደግሞ ከታች ያፈልቃል። ቧንቧው ለስሙ ነው፣ ውሃ የሚመጣው ሲያስበው ነው። መንገዱ በክረምት ባጃጅ አያስገባም፣ በበጋ አቧራው ያሳውራል። ጅቡ አጥሩ ሥር ያድራል። ጎረቤቶቹን ከዚህ ቤት ውስጥ ሆኖ ማማት ደስ ባይልም፣ ዶሮ ብናረባ እንደማይበረክትልን ከወዲሁ ብናውቀው ጥሩ ነው። ይህን ሁሉ የሚነግሩን እንደ አስጎብኚ በጣታቸው እያመለከቱ፣ በሙሉ ፈገግታ ነው።

አጎቴን አየኋቸው። ቡና በገዙበት ዘመን ሁሉ የራሱን ቡና የሚያጥላላ ሻጭ አጋጥሟቸው አያውቅም። የሚተነፍሱበት ቦታ አጡ። አንድ እንከን ለማውጣት አፋቸውን ሲከፍቱ እትዬ የባሰውን አውጥተው ይጠብቋቸዋል። መስኮቱ ጠበበ ሊሉ ሲሉ፣ እትዬ መስኮቱ ጭራሽ እንደማይከፈት ነገሯቸው። ሦስተኛው ክፍል ስንደርስ ግንባራቸው በላብ ወርዝቶ ነበር። የመሀል ምሰሶውን እትዬ "ይሄም አንድ ቀን ሰው ላይ ይወድቃል" ሲሉት ግን አልቻሉም።

"ኧረ እትዬ፣ እንዲህስ አይባልም!" አሉ አጎቴ። "ይሄ ጥቁር እንጨት ነው። ምስጥ ቢሞክረው ጥርሱ ይረግፋል።"

እትዬ ውስጡ ባዶ ነው አሉ። አጎቴ ምሰሶውን በቡጢ መቱትና ባዶ እንጨት እንዲህ አይጮኽም አሉ። እትዬ በረንዳው ያዘነበለ ነው አሉ፤ አጎቴ ወጥተው ዘንጋቸውን ወለሉ ላይ አስተኝተው እንደማይንከባለል አሳዩዋቸው። እትዬ ከማዶ ያለው ደን ብርድ ያመጣል ሲሉ፣ አጎቴ ይህን የመሰለ አየር ከተማው ውስጥ ቢፈለግ እንደማይገኝ፣ የሰው ልጅ እዚህ በረንዳ ላይ ቢቀመጥ ዕድሜው እንደሚረዝም አስረዱ። እኔ ከኋላ ኮታቸውን እጎትታለሁ፤ ማን ሰምቶኝ። ገዢው አመስጋኝ፣ ሻጯ አጥላይ ሆነው በረንዳው ላይ ተፋጠዋል። ደላላው ሁለቱንም ስልኮች ዘግቶ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"እህቴ፣ እኚህ ሽማግሌ የማን ወገን ናቸው?" አለኝ።

ጉድ ፈልቶብኛል። ይህኔ ነው ባለቤቴ ጫማው ጭቃ በጭቃ ሆኖ ከጓሮ ብቅ ያለው። አፉን እንዳይከፍት መማሉን የረሳው መስሎኝ በዐይኔ ገላመጥኩት፤ እሱ ግን ወደ እኔ አላየም። ወደ እትዬ ጠጋ ብሎ በዚያ ዝግ ባለ ድምፁ በካፊኖኖ ጠየቃቸው። እኔ ቋንቋውን ጎዳና ላይ የለመድኩ ብሆንም ይህን አላጣሁትም።

"እትዬ፣ ያን ሁሉ የእንሰት ችግኝ የተከሉት ዘንድሮ ነው?"

እትዬ ፈገግታቸው ጠፋ። አጥሩም ጃርት እንዳይገባ በአዲስ ቀርከሃ ታጥሯል አለ ባለቤቴ። ነገር ፍለጋ አይደለም፤ አጥሩ አምሮበት ነው የተናገረው።

ለእኔ እንሰት ማለት ዳቦ የሚጋገርበት ቅጠል ነው፤ ወሬው የት እንደሚያደርስ አልገባኝም። ለባለቤቴና ለእትዬ ግን ገብቷቸዋል። ዛሬ የተተከለ ችግኝ ቆጮ እስኪሆን ዓመታት ይፈጃል። ዘንድሮ ሐዋሳ የሚሄድ ሰው ዘንድሮ እንሰት አይተክልም። እትዬ በረንዳው ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ነጠላቸውን ፈቱት።

ባለፈው ክረምት ከሰርቪሱ ሲወጡ አዳልጧቸው ወድቀው፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እዚያው መሬት ላይ ቆይተው ነበር። ልጆቻቸው ይህን ሲሰሙ ጊዜ ከእንግዲህ ብቻሽን አትኖሪም ብለው ቆረጡ። ልጃቸው ሐዋሳ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው። ሄደው አይተውታል። መስኮቱን ሲከፍቱ የሌላ ሰው መስኮት ነው የሚታየው። የሚሠሩት ነገር ስለሌለ ምራታቸው ከሥራ እስክትመለስ እጃቸውን አጣጥፈው ነበር የሚውሉት።

"ልጆቼ ክፉዎች አይደሉም" አሉን። "ከመውደዳቸው የተነሳ ነው። እንቢ ብላቸው ይከፋቸዋል። ቤቱ ገዢ ካጣ ግን ምን ላድርግ፣ የእኔ ጥፋት አይደለም።"

ከእኛ በፊት የመጡትን ሁሉ በዚህ መንገድ ሸኝተዋቸዋል። ተነስቼ ወደ ጓዳ ገባሁና ቀና ብዬ ጣሪያውን አየሁ። ኮርኒሱ ላይ የዝናብ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ሳፋው ውስጥ ያለው አቧራ ብቻ ነው። ሳፋውን ይዘው ከክፍል ወደ ክፍል እንደ ገዢው ዓይነት እንደሚያዞሩት በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ።

የተቀቀለ ጎደሬ ከሚያቃጥል ዳጣ ጋር አቀረቡልንና በላን። አጎቴና እትዬ ስለ ምሰሶው መከራከራቸውን ቀጠሉ፤ አሁን ግን በለሰለሰ ድምፅ ነው። እኔ አንድም ነገር አልጣመኝም።

ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ባለቤቴ ላይ ወረድኩበት። ማን ጠይቅ አለህ? እንሰት አይተህ አታውቅም? ደካ ሙሉ እንሰት አይደለም ወይ? እሱ ደግሞ መቼ ተከሉት ነው እንጂ ሌላ ምን አልኩ እያለ ይማልልኛል። የተናደድኩት በእሱ አልነበረም። ባላውቅ ኖሮ ቤቱን በንጹሕ ሕሊና እገዛው ነበር። አሁን ግን ያን በረንዳ ባሰብኩ ቁጥር እትዬ አግዳሚው ላይ ነጠላቸውን ሲፈቱ ይታዩኛል። ያን ግቢ ግን ፈልጌዋለሁ፤ እንደዚያ አድርጌ የፈለግኩት ነገር አላስታውስም። ቤት ገብቼ ትንሿ ልጄ አፏን ይዛ ስታለቅስ ባገኛት ጊዜ አብሬያት አለቀስኩ፤ እኔም አፌን ይዤ።

ትንሽ ሰንብቶ ደላላው ሱቄ ድረስ መጣ። የእትዬ ልጅ ነገሩ ስለሰለቸው ራሱ ከሐዋሳ መጥቷል፤ ቤቱ ሳይሸጥ አልመለስም ብሏል። አንድ ነጋዴም አይቶታል፤ ነጋዴው ምስጡም ጅቡም አያስጨንቀውም፣ ቤቱን አፍርሶ እንሰቱን ነቅሎ ሕንፃ ሊያቆም ነው። የምትሉት ካለ ነገ ሽማግሌ ይዛችሁ ኑና ተናገሩ አለን። ማታ ቤት ስንመክር አጎቴ ሌላ ከሚገዛው እኛ ብንገዛው ይሻላል አሉ። የባለቤቴን ፊት ላነበበ ደግሞ ቃል አያስፈልገውም፤ ያን ሁሉ ችግኝ አንድ በአንድ እየነቀሉበት ይመስል ነበር።

በማግስቱ እዚያው በረንዳ ላይ ተሰበሰብን። በእነሱ በኩል ልጅየውና ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎች፣ በእኛ በኩል አጎቴ። እትዬ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። ልጅየው ጨዋ ሰው ነው። ሽማግሌዎቹ ለምን እንደሚሸጥ ሲጠይቁት፣ የአባቱን ቤት ጠልቶት እንዳልሆነ፣ እናቱ ዳግመኛ ወድቀው የሚያነሳቸው ቢያጡ እድሜ ልኩን እንደሚቆጨው ተናገረ። ስልኩ በጠራ ቁጥር ከቦንጋ የመጣ መርዶ እየመሰለው እንደሚደነግጥ ነገረን። ሽማግሌዎቹ ዋጋችንን ጠየቁን። አጎቴ በልማዳቸው ሊተነፍሱ ደረታቸውን ነፉ፤ ነገር ግን ያን ሁሉ ምስጋና በዚያው በረንዳ ላይ ካወረዱ በኋላ ምን ብለው ይተንፍሱ? እንደተነፉ ቀሩ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

አፌን ከፈትኩ። ማታ ያሰብኩት የዋጋ ቁጥር ብቻ ነበር፤ የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ዋጋውን ቀንሱልን" አልኩ፤ የነጋዴ ልጅነቴ የት ይሄዳል። "እትዬ ደግሞ የትም አይሄዱም። ሰርቪሱ የእሳቸው ነው፣ ጓሮውም የእሳቸው ነው፣ ዘንድሮ የተከሉት እንሰት ደርሶ ቆጮ እስኪሆን ድረስ። ቢወድቁ የምናነሳቸው አምስት ሰዎች ነን።"

ደላላው ኮሚሽኑ ከየትኛው ዋጋ እንደሚታሰብ ሊጠይቅ ከንፈሩን አላወሰና ተወው። ልጅየው ወደ እናቱ ዞረ። ከዚያ ሁሉ ጊዜ በኋላ መጀመሪያ የጠየቃቸው ያን ጊዜ ነው፤ "እማዬ፣ ምን ትያለሽ?" አላቸው።

እትዬ ከአግዳሚው ተነስተው መጡና ፊት ለፊቴ ቆመው ከእግር እስከ ራሴ አዩኝ። ወደ ባለቤቴ ሄደው እሱንም አዩት። ከዚያ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

"ይቺ ልጅ ቁጡ ናት" አሉ ለሽማግሌዎቹ። "ባሏ ደግሞ ጓሮ ለጓሮ ይዞራል። ልጆቹስ ስንት ናቸው? ሦስት? ሦስት ልጅ ይጮኻል።"

ደሜ ፈላ። ሰው አዝኖላቸው፣ ቤቱን ያህል ነገር ለሁለት ከፍሎ፣ እኔ ነኝ ቁጡ? መቀመጫዬን ለቅቄ ልመልስላቸው ስነሳ አጎቴ ነጠላዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። ፊታቸው ጉልበት በነበራቸው ዘመን ዋጫ ገበያ ላይ እንደሚበራው በርቷል።

"ዝም በይ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ሚዛኑን አቅርቢ።"

ውሉ በዚያው ሳምንት ተጻፈ። የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ እንሰቱ ላይ ሲደርስ ደጋግሞ አነበበውና፣ እንዲህ ያለ ነገር በሲስተሙ እንደሌለ ነገረን። አጎቴ ሲስተሙን ሊያጥላሉለት ሲጀምሩ ቶሎ ብሎ ማኅተሙን መታልን።

ዛሬ ልጆቼ ግቢው ውስጥ ሲጮኹ ከታች ከመንገዱ ይሰማል። ትንሿ ስታለቅስ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ነው። እትዬ ከሰርቪሱ ብቅ እያሉ አስደነቆራችሁኝ ይሏቸዋል፤ ጸጥ ሲሉ ደግሞ ምን ሆነው ነው ብለው ሊያዩ ይወጣሉ። አጎቴ ምሰሶውን ለመጠየቅ በሚል ሰበብ ይመጣሉ። ልጅየው ከሐዋሳ ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ የእኔ ልጆች ናቸው።

በሁለተኛው ዓመት ላይ ጓሮው ውስጥ በውሉ ያልነበሩ አዳዲስ ችግኞች አየሁ። ባለቤቴን ስጠይቀው ምንም እንዳላየ ነገረኝ። ጆሮው ሲቀላ ግን ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ እንደሆነ ገባኝ። በቀጣዩም ዓመት ተተከለ፣ ከዚያም በኋላ። የመጀመሪያዎቹ ደርሰው ተፍቀው ቆጯቸውን አብረን በልተናል፤ ስለ ውሉ ያነሳ ሰው የለም። እኔም እዚያ ጓሮ ውስጥ ዶማ አልያዝኩም፤ የነጋዴ ልጅ ነኝ።

ዘንድሮ የበልጉ ዝናብ ሲጀምር ባለቤቴ ለሥልጠና ሄዶ አልነበረም። እትዬ ጓሮው ዳር ችግኝ በእጃቸው ይዘው ቆመው አየኋቸው። ወገባቸው አላጎነብስ ብሏቸዋል፤ መለመን ደግሞ አይሆንላቸውም። ዝም ብለው መሬቱን ያያሉ። የተከሉት ሁሉ ደርሶ ቢያልቅ ሐዋሳ እንዳለ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የሱቁን ቁልፍ ኪሴ ከትቼ ዶማውን ከግድግዳው ላይ አነሳሁ።

"ጠበበ" አሉ ገና ሁለቴ ሳልመታ። "ጥልቀቱም አልበቃ። አፈሩን እዚያ ማን በትኚ አለሽ? አንቺ ልጅ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርሽም።"

እኔም ደስ እያለኝ ቆፈርኩ።